2147483647፦ ፕራይም መሆኑን በምን እናረጋግጣለን?

ጥያቄው፦ «2147483647 ፕራይም (ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የሌለ ቁጥር) ነው ሲባል በየቦታው አነባለሁ። ራሴ ለማጣራት አጭር ፕሮግራም ጽፌ የፌርማን ፈተና በ2 ሞከርኩት፤ 2^2147483646 ለቁጥሩ ሲካፈል ቀሪው 1 ሆነ። ይህ ይበቃል? ካልበቃስ ኮምፒውተር ባልነበረበት ዘመን እንዴት ሊታወቅ ቻለ? ደግሞስ ባለ 32 ቢት ኢንቲጀር እዚህ ቁጥር ላይ የሚያበቃው ፕራይም ስለሆነ ነው?»

አይበቃም። የፌርማ ፈተና የቆመው የፌርማ ትንሹ ቲዎረም በሚባለው ሕግ ላይ ነው፦ ቁጥር መ ፕራይም ከሆነና ሀን ካላካፈለ፣ ሀ^(መ−1) ለመ ሲካፈል ቀሪው 1 ነው። ያገኙት ቀሪ ትክክል ነው፤ ፕሮግራምዎም ስህተት የለበትም። ነገር ግን ቁጥሩ ፕራይም ባይሆን ኖሮም ያው 1 ይወጣልዎት ነበር። የዚህ ዓይነት መልክ ያላቸው ቁጥሮች ላይ የፌርማ ፈተና በ2 ሲሞከር ሁሉንም ያሳልፋል፤ ማንንም አይጥልም።

ነገሩ ያለው ቁጥሩ መልክ ላይ ነው። 2147483647 ማለት 2^31−1 ነው። ስለዚህ 2^31 ለዚህ ቁጥር ሲካፈል አንዴ ደርሶ 1 ይተርፋል። ቀሪው 1 ከሆነ ደግሞ 2^62ም፣ 2^93ም፣ በአጠቃላይ አርቢው (ከላይ የሚጻፈው ቁጥር) የ31 ብዜት የሆነ ሁሉ ቀሪው 1 ነው። አሁን እርስዎ የተጠቀሙበትን አርቢ ይመልከቱ፤ 2147483646 ለ31 ሲካፈል ያለ ቀሪ 69273666 ይደርሳል። በአጋጣሚ አይደለም። 31 ፕራይም ስለሆነ 2^31−2 ለ31 ያለ ቀሪ እንደሚካፈል የሚናገረው ያው የፌርማ ትንሹ ቲዎረም ነው። ስለዚህ አርቢው ፕራይም እስከሆነ ድረስ ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ፕሮግራሙን ማስኬድ ራሱ አያስፈልግም ነበር።

ጉዳቱን በትንሽ ቁጥር ማየት ይቻላል። 2^11−1 = 2047 ነው። 2046 የ11 ብዜት ስለሆነ 2^2046 ለ2047 ሲካፈል ቀሪው 1 ነው፤ ፈተናውን በሚገባ አለፈ። ግን 2047 = 23 × 89። በ3 ቢሞክሩት ኖሮ 2047 ይወድቅ ነበር። 2147483647 ግን በ3ም ያልፋል፤ ፕሮግራምዎ ላይ አንዲት አሃዝ ለውጠው ማየት ይችላሉ። የ3ቱ ውጤት ጠንካራ ምልክት ነው፤ ሆኖም ምልክትና ማረጋገጫ ለየቅል ናቸው።

ወደ ማረጋገጫው እንምጣ። ተራው መንገድ ቁጥሩን ከታች ጀምሮ ለየፕራይሙ እያካፈሉ መሄድ ነው። እስከየት? እስከ ስኩዌር ሩቱ። 46340 በራሱ ሲባዛ 2147395600 ይሆናል፤ 46341 በራሱ ሲባዛ ግን 2147488281 ስለሚሆን አለፈ። ስለዚህ ከ46340 በላይ መፈለግ አያስፈልግም። እስከዚያ ድረስ ወደ 4,800 ገደማ ፕራይሞች አሉ። ለዛሬ ኮምፒውተር ይህ የዓይን ጥቅሻ ያህል ጊዜ እንኳ አይወስድም፤ በወረቀትና በቀለም ግን ባለ አሥር አሃዝ ቁጥርን 4,800 ጊዜ ማካፈል፣ ያውም አንድም ቦታ ሳይሳሳቱ፣ ማንም የሚደፍረው ሥራ አይደለም።

የሒሳብ ሊቁ ሌዎንሃርድ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1772 ለበርኑሊ በጻፈው ደብዳቤ ቁጥሩ ፕራይም መሆኑን ሲያሳውቅ ይህን ሁሉ አላካፈለም። የቁጥሩ መልክ ራሱ ሥራውን ቀንሶለታል። እንዴት እንደሆነ ልዘርዝረው፤ ከጠቅላላው ጉዳይ በጣም የምወደው ክፍል ይህ ነው።

ቀ የሚባል ፕራይም 2^31−1ን ያለ ቀሪ ያካፍላል ብለን እንነሳ። እንግዲህ 2^31 ለቀ ሲካፈል ቀሪው 1 ነው። 2ን ደጋግመን ስናባዛ ቀሪው ለመጀመሪያ ጊዜ 1 የሚሆንበት አርቢ የግድ 31ን ማካፈል አለበት። 31 ፕራይም በመሆኑ ምርጫው 1 ወይም 31 ብቻ ነው፤ 1 ሊሆን አይችልም፣ 2 ራሱ ቀሪው 1 የሚሆንበት ፕራይም የለምና። ስለዚህ 31 ነው። በሌላ በኩል የፌርማ ቲዎረም 2^(ቀ−1) ለቀ ሲካፈል ቀሪው 1 ነው ይለናል። ሁለቱ አንድ ላይ እውነት የሚሆኑት ቀ−1 የ31 ብዜት ሲሆን ብቻ ነው። ቀ ኢ-ተጋማሽ ስለሆነ ቀ−1 ተጋማሽ ነው፤ ስለዚህ ቀ−1 የ62 ብዜት መሆን አለበት። በአንድ እርምጃ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13 እና አብዛኞቹ ሌሎች ፕራይሞች ሳይነኩ ከጨዋታ ወጡ።

ሁለተኛው ወንፊት ትንሽ ረቀቅ ይላል። 2^31 ቀሪው 1 ከሆነ 2^32 ቀሪው 2 ነው። 2^32 ደግሞ የ2^16 ስኩዌር ነው። ስለዚህ ለቀ እያካፈልን ቀሪ ብቻ በምንይዝበት ሂሳብ ውስጥ 2 የአንድ ሙሉ ቁጥር ስኩዌር ሆኖ ተገኘ። ይህ በማንኛውም ፕራይም አይሆንም፤ 2 ስኩዌር የሚሆነው ፕራይሙ ለ8 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 7 ከሆነ ብቻ ነው። ይህንን ከ62ቱ ሁኔታ ጋር ስናጣምረው ቀ ለ248 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 63 መሆን አለበት። ሌላ ዕድል የለውም።

አሁን ዝርዝሩን ከታች እንጀምር፦ 63፣ 249፣ 311፣ 497፣ 559፣ 745፣ 807፣ 993፣ 1055፣ 1241፣ 1303፣ 1489... ከነዚህ ውስጥ ፕራይም ያልሆኑትን እንጥላለን። 63 የ7 ብዜት ነው፣ 249 የ3፣ 497 የ7፣ 559 የ13፣ 745 የ5፣ 1241 የ17። እስከ 1489 ድረስ የሚተርፉት ሦስት ብቻ ናቸው፤ 311፣ 1303 እና 1489። እስከ 46340 ድረስ እንዲህ ሲቀጥል የሚቀሩት እጩዎች ወደ 80 ገደማ ናቸው። ከ4,800 ወደ 80 ወረድን ማለት ነው፤ ትዕግሥት ላለው ሰው ይህ የሚቻል ሥራ ነው።

ለእያንዳንዱ እጩም ቢሆን ረጅሙን ማካፈል መሥራት ግዴታ አይደለም። 311ን እንውሰድ። 2^8 = 256 ነው፤ ይህ ከ311 በ55 ያንሳል፣ ስለዚህ ቀሪውን −55 ብለን እንያዘው። ስኩዌሩ 3025 ነው፤ ለ311 ሲካፈል 226 ይተርፋል፣ ማለትም −85። ይህ የ2^16 ቀሪ ነው። እንደገና ስኩዌር ስናደርገው 7225፤ ቀሪው 72። ይህ የ2^32 ነው። ግማሹ 36 የ2^31 ቀሪ ነው፤ 1 ሲቀነስ 35። ዜሮ አልሆነም፣ ስለዚህ 311 ወደቀ። ሁለት ስኩዌርና አንድ ግማሽ ብቻ! የቀሩትም በዚሁ መንገድ አንድ በአንድ ይወድቃሉ፤ ሁሉም ሲወድቁ 2147483647 አካፋይ የለውም ማለት ነው፣ ፕራይም ነው። ኦይለር በዚያን ጊዜ ዓይኑ ጨርሶ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም ነበር።

በዚያው መሣሪያ ተቃራኒውንም ሠርቷል። ፌርማ 2^32+1 ፕራይም ነው ብሎ ያምን ነበር። ኦይለር ግን በ1732 አካፋዩን አገኘ፤ 641 ነው። የ2^32+1 አካፋዮች የ64 ብዜት ሲደመር 1 መሆን እንዳለባቸው ካወቁ በኋላ 641 ሩቅ አይደለም፤ 64 × 10 + 1 ነውና። ሁለቱ ጎረቤት ይመስላሉ፤ ዕጣቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ተለያየ።

2^31−1 ፕራይም ነው የሚለው ግምት ከኦይለር ይቀድማል። ፈረንሳዊው መነኩሴ ማሪን ሜርሴን በ1644 ባወጣው ዝርዝር ውስጥ ከ257 ያልበለጡ 11 አርቢዎችን ጠቅሶ ነበር፤ 31 ከነሱ አንዱ ነው። ዝርዝሩ እንከን አላጣም፤ 67 እና 257 ያለቦታቸው ገቡ፣ 61፣ 89 እና 107 ደግሞ ተረሱ። ያም ሆኖ እንዲህ ያሉ ፕራይሞች እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራሉ። 2147483647 ስምንተኛው የሜርሴን ፕራይም ነው፤ ከእሱ በፊት ያሉት አርቢዎች 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 13፣ 17 እና 19 ናቸው።

ፕሮግራም መጻፍ ስለሚወዱ ለእርስዎ የሚሻለው ግን የኦይለር መንገድ አይመስለኝም። ኤዱዋር ሉካስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጀመረው፣ ዴሪክ ሌመር በ1930ዎቹ ያጠራው ፈተና አለ፤ ለሜርሴን ቁጥሮች ብቻ የተሠራ ነው። ከ4 ይነሱ። የያዙትን ቁጥር በራሱ ያባዙት፣ 2 ይቀንሱለት፣ ለሚፈትኑት ቁጥር አካፍለው ቀሪውን ብቻ ይያዙ። ይህንን ከአርቢው በ2 ያነሰ ጊዜ ይድገሙት። መጨረሻ ላይ 0 ከመጣ ቁጥሩ ፕራይም ነው፤ ካልመጣ አይደለም። «ሳይሆን አይቀርም» የሚባል ነገር የለበትም፤ በሁለቱም በኩል ቁርጥ ያለ መልስ ነው።

በ127 እናየው፤ 127 = 2^7−1 ስለሆነ አምስት እርምጃ ነው። 4 በ4 ሲቀነስ 2፣ 14። 14 በ14 ሲቀነስ 2፣ 194፤ ቀሪው 67። ቀጥሎ 4487፤ ቀሪው 42። ቀጥሎ 1762፤ ቀሪው 111። በመጨረሻም 12319፤ ይህ ልክ 127 × 97 ነው፣ ቀሪው 0። አለፈ። ቅድም የፌርማን ፈተና ያታለለው 2047 ግን እዚህ ዘጠኝ እርምጃ ተጉዞ 1736 ላይ ይቆማል፤ ተያዘ።

ማካፈሉ ራሱ እንኳ እዚህ ቀላል ነው። በ9 ስናካፍል አሃዞቹን መደመር ብቻ እንደሚበቃን ሁሉ፣ በ127 ስናካፍል ቁጥሩን በ128 ከፍለን ድርሻውንና ትራፊውን መደመር ይበቃል። 4487 ማለት 35 ጊዜ 128 ሲደመር 7 ነው፤ 35 + 7 = 42። 1762 ማለት 13 ጊዜ 128 ሲደመር 98፤ 111። 12319 ማለት 96 ጊዜ 128 ሲደመር 31፤ 127፣ ማለትም 0። በ128 መክፈል ለኮምፒውተር ቢቶችን ሰባት ቦታ ወደ ቀኝ መግፋት ብቻ ነው። በ2^31−1 ሲሆን 31 ቦታ ይገፋሉ። የሜርሴን ቁጥሮች የሚወደዱበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ከባዱ ማካፈል ወደ መደመር ይለወጣል።

እርስዎ ቁጥሩን ለመፈተን 29 ዙር ብቻ ይበቃዎታል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ስኩዌሩ ከ32 ቢት ስለሚያልፍ ባለ 64 ቢት ኢንቲጀር ይጠቀሙ፤ አለበለዚያ ቁጥሩ ሞልቶ ይፈስና የማይረባ ውጤት ይሰጥዎታል።

ሉካስ በዚህ ዘዴ መነሻ በ1876 2^127−1 ፕራይም መሆኑን አሳየ፤ ባለ 39 አሃዝ ቁጥር ነው። በዚያው ዓመት 2^67−1 ፕራይም አለመሆኑንም አሳይቷል፤ አካፋዮቹን ግን አላወቃቸውም። 193707721 × 761838257287 መሆኑ የታወቀው በ1903 ነው። ይህ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ነው፤ አንድ ቁጥር ፕራይም አለመሆኑን ማወቅና አካፋዩን ማግኘት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፣ ሁለተኛው እጅግ ይከብዳል። ዛሬ የሚታወቀው ትልቁ ፕራይም በጥቅምት 2024 የተገኘው 2^136279841−1 ነው፤ 41,024,320 አሃዞች አሉት። ያገኘው ጊምፕስ የተባለው የበጎ ፈቃደኞች ፕሮጀክት እጩዎቹን መጀመሪያ የሚያጣራው በፌርማ ፈተና ነው፤ ግን በ2 ሳይሆን በ3። ለምን በ2 እንዳልሆነ አሁን ያውቁታል። ያለፈው እጩ ደግሞ በሉካስና ሌመር ፈተና ይረጋገጣል።

ስለ 32 ቢት ላነሱት፦ ፕራይምነቱ ከዚህ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ከ32 ቢት አንዱ ለምልክት ይያዛል፤ የቀሩት 31ዱ ሁሉ 1 ሲሆኑ የሚገኘው ቁጥር 2^31−1 ነው፤ ፕራይም ሆነም አልሆነ። የ16 ቢቱን ወሰን ይዩት፤ 32767 = 7 × 31 × 151። የ64 ቢቱ 2^63−1ም የ7 ብዜት ነው። በሌላ በኩል የ8 ቢቱ 127 ፕራይም ነው፤ የ128 ቢቱ 2^127−1ም እንዲሁ። 8፣ 32፣ 128 ፕራይም፤ 16፣ 64፣ 256 ደግሞ አይደሉም፤ የሆነ ሕግ ያለ ይመስላል። ግማሹ እውነት ሕግ አለው፤ 15፣ 63 እና 255 ሁሉም ለ3 ስለሚካፈሉ 2^3−1፣ ማለትም 7፣ ቁጥሮቹን ያካፍላል። የሌላው ግማሽ ግን ዕድል ብቻ ነው፤ 512 ላይ ሲደረስ አርቢው 511 = 7 × 73 ስለሆነ ሰልፉ ይፈርሳል። ጊዜን በሰከንድ የሚቆጥሩ የቆዩ ሲስተሞች እ.ኤ.አ. ጥር 19 ቀን 2038 የሚሞሉትም በዚሁ ወሰን ምክንያት ነው፤ ፕራይም ስለሆነ አይደለም።

ፕራይምነቱ የሚያገለግልበት ቦታ ግን አለ። የዘፈቀደ ቁጥር ማመንጫ አንዱ የታወቀ ቀመር ይህ ነው፦ ቁጥሩን በ16807 አባዛ፣ ለ2147483647 አካፍለህ ቀሪውን ያዝ፣ ድገም። ከ1 ሲነሳ 16807፣ 282475249፣ 1622650073 እያለ ይሄዳል። ፕራይም በመሆኑ ከ1 እስከ 2147483646 ያሉት ቁጥሮች አንድም ሳይቀር አንድ አንድ ጊዜ ይወጡና ዙሩ ወደ 1 ይመለሳል። 16807 እንዲሁ የተመረጠ እንዳይመስልዎት፤ 7^5 ነው። 7 በዚህ ፕራይም ሥር በመባዛት ብቻ ሁሉንም ቀሪዎች የሚያዳርስ ትንሹ ቁጥር ነው። 2147483646 = 2 × 3 × 3 × 7 × 11 × 31 × 151 × 331 ስለሆነና 5 በውስጡ ስለሌለ፣ 7^5ም ያንኑ ባሕርይ ይወርሳል። በ16807 ፈንታ 2ን ቢያስገቡ ምን ይሆናል? በ31 እርምጃ ወደ 1 ይመለሳል። ቅድም የፌርማን ፈተና ዋጋ ያሳጣው ያው ባሕርይ እዚህም ጉድ ይሠራል። ቀመሩ በ1988 ስቴፈን ፓርክና ኪት ሚለር «ዝቅተኛው መለኪያ» ብለው ካቀረቡት በኋላ ተስፋፍቷል፤ በሲ ፕላስ ፕላስ መደበኛ ላይብረሪም ይገኛል። ለጨዋታና ለቀላል ሙከራ ይሆናል። ለምስጢር ቁልፍ ግን ፈጽሞ አይጠቀሙበት፤ አንድ ቁጥር ያየ ሰው ቀጣዩን ያሰላዋል።

ከፍጹም ቁጥሮች ጋር ያለው ዝምድናም ይታወቃል። 2^30 × (2^31−1) = 2305843008139952128፤ ከራሱ በስተቀር አካፋዮቹ ሁሉ ሲደመሩ ራሱን ይሰጣሉ። እንግሊዛዊው ፒተር ባርሎው በ1811 ከዚህ የበለጠ ፍጹም ቁጥር መቼም አይገኝም፣ ነገሩ ከማስገረም አልፎ ጥቅም ስለሌለው ማንም አይለፋበትም ብሎ ጻፈ። የሰውን ግትርነት አሳንሶ ገመተው፤ በ1883 ኢቫን ፐርቩሺን የሚባል ሩሲያዊ ቄስ 2^61−1 ፕራይም መሆኑን አሳይቷል።

በፕራይሞች ሰልፍ ውስጥ 2147483647 ተራው 105,097,565ኛ ነው። ከፊቱ ያለው ፕራይም 2147483629፣ ከኋላው የሚመጣው 2147483659 ነው። እዚህ አካባቢ በሁለት ፕራይሞች መካከል ያለው አማካይ ርቀት ወደ 21 ተኩል ስለሚጠጋ 18 እና 12 የተለመዱ ክፍተቶች ናቸው። መንታ ፕራይም የለውም፤ 2147483645 በ5 ያበቃል፣ 2147483649 የ3 ብዜት ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ መልመጃ ለሚሹ። 3 ፕራይም ነው፤ 2^3−1 = 7ም ፕራይም ነው። 2^7−1 = 127፣ 2^127−1ም እንዲሁ። 31ም ራሱ 2^5−1 ነው። ታዲያ የእኛን ቁጥር አርቢ ብናደርገው፣ 2^2147483647−1 ፕራይም ይሆን ይሆን? ከ646 ሚሊዮን በላይ አሃዞች ያሉት ቁጥር ነው፤ ሆኖም መልሱ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል፤ አይደለም። 295257526626031 ያለ ቀሪ ያካፍለዋል። ከላይ እንዳየነው አካፋዩ የአርቢው እጥፍ ብዜት ሲደመር 1 መሆን አለበት፤ ነውም፦ 2 × 68745 × 2147483647 + 1። ለማጣራት ያንን ግዙፍ ቁጥር መጻፍ አያስፈልግዎትም። ከ2 ይነሱ፤ ስኩዌር ያድርጉ፣ በ2 ያባዙ፣ ለ295257526626031 አካፍለው ቀሪውን ይያዙ፤ ይህንን 30 ጊዜ ከደገሙ 1 ላይ ይደርሳሉ። ስኩዌሩ ከ64 ቢት ስለሚያልፍ ፕሮግራምዎ ትላልቅ ኢንቲጀሮችን የሚችል መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ።